ስኮርሽቱን ሳላይ የፈረምኩ ቀን

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የቅርጫት ኳስ ዳኛ "ጋሼ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነጥብ ተሳስቶ መመዝገቡን ብናውቅስ?" አለኝ። ደንቡን ነገርኩት፣ የራሴን ጉድ ግን ዋጥኩት። እስቲ አሁን ልናገረው።

ከ14 ዓመት በታች ልጆች ናቸው፣ ዋና ዳኛው እኔ። አራተኛው ኳርተር ላይ 9 ቁጥር ከሶስት ነጥቡ መስመር ውጪ ሆኖ ወርውሮ አገባ፣ እኔም ሁለት እጄን አንስቼ ሶስት አሳየሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለችው መዝጋቢ ግን ያኔ አንዱ ኮች ታይም አውት ሲጠይቃት ወደሱ ዞራ ስለነበር ሁለት ብላ መዘገበችው፣ የነጥብ ቦርዱም እሷን ተከትሎ ሁለት አለ። እኔ ደግሞ ፊሽካዬ ምራቅ ገብቶበት ውስጡ ያለችው ኳስ ተጣብቃ እሱን ሳራግፍ ነበር (ዛሬ ኳስ የሌለው ፊሽካ አላችሁ፣ ይመቻችሁ)።

ጨዋታው 41 ለ 40 አለቀ። የተሸነፈው የ9 ቁጥር ቡድን ኮች መጥቶ ቀስ ብሎ "አንድ ነጥብ ጎድላብናለች መሰለኝ" አለኝ። ደክሞኛል፣ "ቦርዱን እየው" ብዬው ስኮርሽቱን፣ ነጥብ የሚመዘገብበትን ወረቀት፣ ፈረምኩ። ወረቀቱን ሳጥፍ ነው ያየሁት፣ ሶስት ነጥብ ሲገባ የተጫዋቹ ቁጥር ይከበባል፣ የዛች ጎል 9 ግን ባዶዋን ቆማለች። ለካ እኩል ነበሩ፣ 5 ደቂቃ ጭማሪ ይገባቸው ነበር። ቀና ስል 9 ቁጥር ቤንች ላይ ጫማውን እየፈታ በጣቱ ነጥቡን ይቆጥራል።

በፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ የምዝገባ ስህተት ዋና ዳኛው እስኪፈርም ድረስ ይታረማል፣ ውጤቱን ቢገለብጥም። ከፈረማችሁ አለቀ፣ የሚቀረው ለውድድሩ አዘጋጅ ሪፖርት መጻፍ ነው። እኔ እሱንም አልጻፍኩም፣ አፈርኩ።

ኮች አትስሙ እላለሁ ሁሌ፣ አሁንም እላለሁ፣ ግን ነጥብ ጎደለ ካላችሁ ስሙት፣ ምን ታጣላችሁ? ከመፈረም በፊት የእያንዳንዱን ተጫዋች ነጥብ ደምራችሁ ከድምሩ ጋር አስተያዩት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቦርዱና ወረቀቱ ካልተስማሙና ማጣራት ካልተቻለ ወረቀቱ ነው የሚያዘው። መዝጋቢዋ ስህተት ካየች ደግሞ ኳስ እየተጫወቱ ደወል አትደውል፣ ጨዋታው እስኪቆም ትጠብቅ። የዛሬ ልጆች ቶሎ "ቪዲዮ አለ" ትላላችሁ፣ የወላጅ ስልክ አምናችሁ ወረቀቱን የማታዩት ነገር አይገባኝም። ጎበዞች ናችሁ፣ ከኛ ይልቅ ደንብ ታነባላችሁ፣ ብቻ ስትቸኩሉ!

መዝጋቢዋን "አንቺ ነሽ" አልኳት፣ እሱ ይብሳል። ሶስቴን ማየቷን ቀና ብዬ ማረጋገጥ የኔ ስራ ነበር። ኮቹ እስካሁን ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ያቺን ነጥብ አንስቶብኝ አያውቅም፣ እኔም እስከዛሬ አልነገርኩትም።