በሜሪላንድ የመብራት ዋጋ የሚወስነው ማነው? ቅሬታስ እንዴት ይሰማል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው «የፔፕኮ ቢሌ ከአምናው በጣም ጨምሮ መጣ፤ ይህን የሚፈቅደው ኮሚሽን ማነው? ብጽፍለትስ ይሰማኛል?» ነው። የመብራት ኩባንያውን የፔፕኮን ጭማሪ የሚፈቅደው የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ይሰማሻል፤ ግን ሥልጣኑ ሁሉም ነገር ላይ አይደርስም። ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ቢሉን አውጪና የጨመረው «ሰፕላይ» ከሚለው በኩል ነው ወይስ «ዴሊቨሪ» ከሚለው የሚለውን ለይ።

ሰፕላይ የኃይሉ የራሱ ዋጋ ነው። ኃይሉ የሚገዛው በጨረታ ሲሆን፣ ፒጄኤም የተባለው ገበያ 13 ስቴቶችንና ዲሲን ያካልላል፤ የሚቆጣጠረውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ማመንጫዎች ለተጠባባቂነት የሚከፈላቸው ዋጋ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በተደረገው ጨረታ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ይህ ከጁን 2025 ጀምሮ ቢል ላይ ታይቷል። የሜሪላንድ ኮሚሽን ይህን ዋጋ መሰረዝ አይችልም። ብዙ ሰው የሚናደደው በዚህኛው ጭማሪ ሆኖ ሳለ አቤቱታውን በዴሊቨሪ ጉዳይ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ «አልሰሙኝም» ይላል።

ዴሊቨሪ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና ሜትሩ ነው። በአንድ ሰፈር ሁለት ኩባንያ ሽቦ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ፔፕኮ ተፎካካሪ የለውም። አገር ቤት መብራት የሚያከፋፍለው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ እዚህ ግን ኩባንያው የባለአክሲዮኖች በመሆኑ ዋጋውን ራሱ እንዳይቆርጥ የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ከ1910 ጀምሮ በላዩ ተቀምጧል። አምስት ኮሚሽነሮች አሉት፤ ገዥው ይሾማቸዋል፣ የስቴቱ ሴኔት ያጸድቃቸዋል፣ የሥራ ዘመናቸው 5 ዓመት ነው።

አሠራሩ የፍርድ ቤት ነው፤ ይህን መያዝ ሁሉንም ያቀላል። ኩባንያው የጭማሪ ማመልከቻውን ከነምስክሮቹ ያስገባል፣ ጉዳዩም ቁጥር ይሰጠዋል። ኮሚሽኑ ጭማሪውን ለጊዜው ያግድና ውሳኔውን ማመልከቻው ከገባ በ210 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። በዚህ ጊዜ የኮሚሽኑ የራሱ ባለሙያዎች፣ የነዋሪው ጠበቃ የሆነው የፒፕልስ ካውንስል ቢሮ፣ አንዳንዴም ካውንቲዎችና የሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር የኩባንያውን ደብተር ይመረምራሉ፣ በጽሑፍ ይጠይቃሉ፣ ምስክሮቹን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጣሉ። ኮሚሽነሮቹ በመዝገቡ ላይ ካለው ማስረጃ ውጭ መወሰን አይችሉም። ጉዳዩ ገና እየታየ ሳለ ደውሎ ማነጋገርም አይቻልም።

ክርክሩ የሚያተኩረው በሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፦ ኩባንያው ትርፍ ሊታሰብለት የሚገባው ንብረት ስንት ነው፣ በመቶኛስ ስንት ትርፍ ይፈቀድለት? ቁጥሩን ለማቅለል ንብረቱ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው እንበል። ግማሹ በ5 በመቶ ወለድ ብድር ከሆነ 25 ሚሊዮን ይወጣል። ሌላው ግማሽ የባለአክሲዮን ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው 10.5 በመቶ ቢጠይቅ 52.5 ሚሊዮን፣ ኮሚሽኑ 9.5 በመቶ ብቻ ቢፈቅድ 47.5 ሚሊዮን ይሆናል። በአንዷ ፐርሰንት የ5 ሚሊዮን ልዩነት መጣ፤ በትርፉ ላይ የሚከፈለው ግብርም ከደንበኛው ስለሚሰበሰብ ወደ 7 ሚሊዮን ይጠጋል፣ ያውም በየዓመቱ። የሠራተኛ ደመወዝ፣ ጥገናና የንብረት እርጅና በዚህ ላይ ይደመራሉ። ገና አገልግሎት ያልጀመረ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ወይም ለፖለቲካ ማግባቢያ የወጣ ወጪ ሂሳቡ ውስጥ ከተገኘ ይቆረጣል። ኩባንያው የጠየቀውን ሁሉ ያገኛል ማለት አይደለም፦ በ2024 ፔፕኮ የሦስት ዓመት ጭማሪ በአንድ ላይ ጠይቆ የተፈቀደለት የአንድ ዓመቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤሽ የሚጠቅመው እዚህ ነው። የጉዳዩን ቁጥር አናቱ ላይ ጻፊ፤ ከሌለው የትም ይቀራል። «ኑሮ ከበደን» ማለት መብትሽ ነው፣ ይመዘገባልም፤ ክብደት የሚኖረው ግን «በዚህ ቀን ለዚህን ያህል ሰዓት መብራት ጠፋ፣ ኩባንያው ይህን መለሰልኝ» የሚለው ነው። ኮሚሽኑ የሚቆጣጠረው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መብራት በዓመት ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋም መለኪያ አለው። በዲሴምበር 2011 ፔፕኮ በመብራት መቆራረጥ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፤ አንዱ ጥፋቱ በሽቦው አካባቢ ያሉትን ዛፎች በአግባቡ አለመከርከሙ ነበር። ምሽት ላይ የሚደረጉ የሕዝብ መድረኮችም አሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ በብዛት በሚኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የእኛ ሰው እዚያ ቢገኝ እወዳለሁ።

የግል ቅሬታ መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ለኩባንያው «ይህን ቢል እቃወማለሁ» ብለሽ የመልሱን ቁጥርና ቀን ያዢ። ካልተስማማችሁ ለኮሚሽኑ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል በድረ ገጹ አመልክቺ፤ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። የ12 ወር ቢሎች፣ የሜትሩ ፎቶ ከነቀኑ፣ ቤት የገባሽበት ቀን ይያያዙ። ቢሉ ላይ ንባቡ «ኤስቲሜትድ» የሚል ከሆነ ሜትሩን ሳያነቡ ገምተው ነው ያስከፈሉሽ፤ በኋላ ሲያነቡ የወራቱን ልዩነት በአንድ ጊዜ ይጭኑታል። ድንገተኛ ጭማሪ አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። ቅሬታሽ እየታየ ሳለ የተቃወምሽውን ገንዘብ አልከፈልሽም ብለው መብራት አይቆርጡብሽም፤ ያልተቃወምሽውን ግን በቀኑ ክፈይ፣ ሰው መብራት የሚቆረጥበት ይህን ባለመክፈሉ ነው። ሐኪም የጻፈው የከባድ ሕመም ማስረጃ መቁረጡን እስከ 30 ቀን ያዘገየዋል። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ደግሞ ከመቁረጣቸው በፊት ለኮሚሽኑ የመሐላ ቃል ማስገባት አለባቸው። አስታውሺ፣ ማዘግየት ዕዳ መሰረዝ አይደለም፤ ለእርዳታው የስቴቱ የቤት ኃይል ድጋፍ ፕሮግራም አለ።

ቢሉ ላይ የሌላ ሰፕላየር (ኃይሉን የሚሸጥ ኩባንያ) ስም ካየሽ ግን ችግሩ ምናልባት እዚያ ነው። በር እያንኳኩ «ቢልሽን አሳዪኝ» የሚሉት ሰዎች የሚፈልጉት ቢሉ ላይ ያለውን የሂሳብ ቁጥር ነው፤ ፈቃድ የሚሰጣቸውም የሚነጥቃቸውም ይኸው ኮሚሽን ነው። በ2024 የወጣው ሕግ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በዋጋቸው ላይ ጣሪያ አድርጓል፣ የመኖሪያ ቤት ውልንም ከ12 ወር እንዳይበልጥ ወስኗል። የፔፕኮን መደበኛ የሰፕላይ ዋጋ ከውልሽ ዋጋ ጋር በኪሎዋት ሰዓት አወዳድሪ። ውልሽ ውድ ከሆነ የማቋረጫ ክፍያ እንዳለውና እንደሌለው አረጋግጠሽ ወደ መደበኛው ተመለሺ።

ጋዝም (ዋሽንግተን ጋዝ) በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ለኢንተርኔትና ለሞባይል ቢል ግን ወደዚህ ኮሚሽን አትሂጂ፣ ሥልጣኑ አይደለም።