ካሮቱ እንዳይልፈሰፈስ

«ቀቅዬ በአቼቶ የዘፈዘፍኩት ካሮት በሁለት ቀን ለሰለሰብኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ላልሽው፦

አቦ፣ ቀድመሽ ቀቅለሽዋል ብለሻል እኮ! ጥሬውን ነው የሚገባው። ከከፊራ ገበያ ጠንካራ ጠንካራውን መርጠሽ በቀጭኑ ክተፊ። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጊበት።

1 ኩባያ አቼቶ፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ስኳር አፍልተሽ በትኩሱ ጨምሪው። አትክልቱ የሚገባበትን የማርማላታ ጠርሙስ ግን ቀድመሽ በሙቅ ውሃ አሙቂ፤ የኔ አንዴ ተሰንጥቆ ወጥ ቤቱን አጥለቅልቆታል። አትክልቱ ሙሉ በሙሉ ይስጠም። ውሃ አታብዢ፤ ከመበላሸት የሚጠብቀው ጎምዛዛነቱ ነው።

ሲበርድ ክደኚና ቀጥታ ፍሪጅ። በድሬዳዋ ሙቀት ውጭ ማሳደር የለም! በማግስቱ ይበላል፤ 2 ሳምንት ይቆያል። እኛ ቤት ግን ከሩዝ ጋር በ3 ቀን ያልቃል።