ሊጡ ሌሊቱን ይሥራ፣ እናንተ ተኙ

ልጆቼ፣

ለ31 ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ብዙው የሌሊት ዱቲ ነው። በዚያው መሃል ሦስት ልጆች አሳደግኩ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ ከሰፈር ሱቅ አምስት ዳቦ በፌስታል ይዤ እገባለሁ። ማታ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል፤ ልጆቼ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። እኔ ራሴ የምጋግረው ለቡሄና ለዓመት በዓል ብቻ ነበር። ስለዚህ «ዳቦ ለመጋገር ጊዜ የለኝም» ስትሉኝ አምናችኋለሁ።

ዳቦ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ያመንኩት እናቴን እያየሁ ስላደግኩ ነው። ለበዓል ድፎ ስትደፋ ቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች ሊጡን በሁለት እጇ ታሸዋለች። ኮባውን እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች። ምጣዱ ላይ ታነጥፍና ሊጡን ትገለብጣለች፤ ደግሞ በኮባ ትሸፍነዋለች። ከላይም ከታችም እሳት። ደክሞኝ ገብቼ ይሄን ሁሉ እንዴት አድርጌ? አልኩና ከበዓል ውጪ መጋገሩን ተውኩት። ሃያ ዓመት ተውኩት። አሁንም ይቆጨኛል።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የማይታሽ ዳቦ አመጣችልን። ጂም ላሂ የተባለ የኒውዮርክ ዳቦ ጋጋሪ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በብዙ አገር ተዛመተ። እኔ ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። ወደ 380 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨምራችሁ በማንኪያ አማስሉት። ዱቄቱ በሙሉ ከራሰ ይበቃል። ክደኑትና ተኙ። ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ፤ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ወደ 18ቱ ይጠጋል።

እርሾው አነሰ ብላችሁ አትጨምሩ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሙሉ ማንኪያ አደረግሁ። ጠዋት ስከፍተው ተነስቶ ተነስቶ ወድቋል፤ ሽታውም ጠላ ጠላ ይላል። ትንሽ እርሾ የሚበቃው ጊዜው ረጅም ስለሆነ ነው። መታሸት የማያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስንዴው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውሃ ካገኙ ቀስ እያሉ በራሳቸው ይያያዛሉ። እናቴ በክንዷ ጉልበት የምታደርገውን ሌሊቱ ያደርገዋል።

ይህ እኔን ሊገርመኝ አይገባም ነበር። ምጥ ላይ ካለች እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ስንት ሌሊት አንግቻለሁ። አብዛኛው ሥራ መጠበቅና ማየት ነው። ሥራ ቦታ ይህን አውቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ክዳኑን ስታነሱ ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠርዙን ሳብ ስታደርጉት ክር ክር ይላል። ዱቄት ነስንሳችሁ ከአራቱም ጎን እጠፉትና አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ። ከሥራ ገብቼ ገላዬን ታጥቤ፣ ቡና አፍልቼ ስጨርስ ይደርስልኝ ነበር። ጠዋት የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና ማታ ጋግሩት። አረብ አገር ያላችሁ ሙቀቱ ስለሚያፈጥነው ከመጀመሪያው ፍሪጅ ይሻላችኋል።

ኦቨን ካላችሁ ወፍራም የብረት ድስት ከነክዳኑ በ230 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት አግሉት። ሊጡን ጨምራችሁ ክደኑ። ግማሽ ሰዓት ተከድኖ፣ ሩብ ሰዓት ተከፍቶ። ክዳኑን እንዳትዘሉት! ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ታፍኖ ስለሚቀር ቅርፊቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ዳቦው ለመነፋት ጊዜ ያገኛል። ይህን ሳስብ ነው የእናቴ ኮባ የገባኝ። ለሽታውና እንዳያር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንፋሎቱንም ይዞ የሚያቆየው እሱ ኖሯል።

ኦቨን ከሌለም የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃል። ለመገልበጥ እንዲመች ውሃውን ወደ 330 ቀንሱት። ኮባ አንጥፉ፣ ክደኑ፣ መካከለኛ ሙቀት ላይ አንዱ ፊት ሲበስል ገልብጡት። ታቹን በጣታችሁ ስታንኳኩት እንደ ባዶ ሣጥን ከጮኸ በስሏል። ሲወጣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ቅርፊቱ ሲበርድ ይንጣጣል። እስኪበርድ አትቁረጡት፤ መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል።

መጀመሪያ የተዋጣልኝን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሰማንያን አልፋለች። በሁለት እጇ አንስታ መዘነችው።

«ማን አሸልሽ?» አለችኝ።

«ማንም አላሸው እማዬ። ሌሊቱን አደረ እንጂ።»

ቆረሰች፣ አሸተተች፣ ዝም ብላ በላች። ሁለተኛውን ስትቆርስ «ጥቁር አዝሙድ ረስተሻል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከጨው ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ እጨምራለሁ።