የፊት አጥር ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው

ጥያቄሽን አነበብኩት። የፊት ለፊቱን ቆርቆሮ አንስተሽ በብሎኬት ልታጥሪ ነው፣ ጎረቤትሽ ደግሞ «ለአጥር ብለሽ ምን ያንከራትትሻል፣ ዝም ብለሽ ሥሪ» ብሎሻል። እህቴ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ እንዳትሠሪ። እዚሁ ባሕር ዳር የራሴንም የእህቴንም አጥር ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቆርቆሮው የቆመበት መስመር ማስረጃ አይሆንሽም። በድሮ ሰፈሮች አጥር በታደሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ መንገድ ይገፋል፣ ማንም ልብ አይልም። ዋናው ካርታሽ ነው። ካርታው ላይ የየማዕዘኑ ኤክስና ዋይ ቁጥር፣ ማለትም ማዕዘኑ የት እንዳለ የሚናገር ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስልክሽ ላይ አስገብተሽ ግን ወሰኔ እዚህ ጋ ነው እንዳትዪ። ብዙ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የቅየሳ መነሻ ነው፣ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው፣ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። እሱ ቢስተካከል እንኳ ስልክ ራሱ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ ለአጥር ደግሞ ግማሽ ሜትርም ብዙ ነው። ቀያሽ በቶታል ስቴሽን (በቅየሳ መሣሪያ) ያውጣልሽ፣ ችካሉ ሲመታም የግራና የቀኝ ጎረቤቶችሽ ይገኙ።

ቀጥሎ የፕላን ስምምነት ነው፣ ማለትም ከግንባታ ፈቃድ በፊት ልትሠሪ ያሰብሽው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚሄድ ከከተማ አስተዳደሩ የምትቀበይው ወረቀት። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ (624/2001) ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፣ ሰው ግን እሱን ዘሎ ፈቃድ ላይ ይሮጣል። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ካርታሽ ዛሬ ያለሽን ይነግርሻል እንጂ መንገዱ በከተማው ፕላን ስንት ሜትር እንደተያዘ አይነግርሽም። የእህቴ ጎረቤት ይህን ሳይጠይቅ ግንብ አቆመ፣ ኋላ ሲለካ ከአንድ ሜትር በላይ መንገድ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ያ ሁሉ ብሎኬት በራሱ ወጪ ፈረሰ። ካሳም የለው። በሕጋዊ ይዞታ ውስጥ፣ በፈቃድ የቆመ አጥር ለመንገድ ቢነሳ ግን በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሳ ይገመትለታል። ስለዚህ ወረቀቱን አትናቂው።

የአጥሩን ከፍታና ዓይነትም የፕላን ስምምነቱን የሚሰጥሽ ቢሮ ጠይቂና በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል «ችግር የለውም» ያለሽ ሰው ነገ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይሆናል። ዋና መንገድ ዳር ከሆንሽ ከላይ ፍርግርግ የሆነ፣ የሚያሳይ አጥር ሊጠየቅ ይችላል፣ ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህማ ይሄ የታወቀ ነው። የማዕዘን ቤት ከሆነ ባይጠይቁሽም እንደዛ አድርጊው፣ ባጃጅ ሲታጠፍ ልጅ መንገድ ላይ ይኑር አይኑር ማየት አለበት።

መሬትሽ ዋልካ ከሆነ ግንበኛው «ለአጥር ይበቃል» ብሎ ጉልበት በማይደርስ ቁፋሮ እንዳያታልልሽ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ አጥር ደግሞ ቀላል ስለሆነ ያነሳዋል። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፣ ግንቡም በየተወሰነ ርቀት ክፍተት እየተተወለት ይሠራ። ከሥር የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይሄድም፣ ያለ ቀዳዳ ግቢሽ ውስጥ ይተኛል።

የግቢው በር ወደ ውስጥ ይከፈት። የፍርስራሹን ድንጋይና አፈር ደግሞ ከፊትሽ ያለው ቦይ ውስጥ እንዳይጥሉት ሠራተኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪያቸው፣ ሐምሌ ላይ ውሃው የሚገባው ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ነው።