መልስ፦ እናቴን ድሬዳዋ ማስታመሚያ ላስገባ ነው፤ ጥራቱን በምን ልወቅ?

ስትሮክ ለመታቸው እናትህ ማዕከሉን በምን ልመዝን ላልከው፦ ለማዕከሉ ሰዎች ሳትነግር ሂድ፤ አንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዴ ማታ። ሌሊት ስንት ነርስ ለስንት ታካሚ እንደሚያድር ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ የአልጋ ቁስልን ተከታተል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታካሚ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ተረከዙና መቀመጫው ሊቆስል ይችላል። የማገላበጫ መዝገቡን አሳዩኝ በል፤ የቀኑ ሁሉ በአንዴ የተሞላ ከመሰለህ አትመነው። የቀላ ቦታ ካየህ በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቅ፤ መቅላቱ ካልጠፋ ጉዳቱ ጀምሯል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን ዳስስ።

እናትህን ትን እንዳይላቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው መመገባቸውን እይ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ውሃው በደህናው እጃቸው በኩል ይቀመጥ፤ ሽባ በሆነው በኩል ያለ ብርጭቆ እንደሌለ ነው። ፊዚዮቴራፒው (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናው) በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበል።