የወንድሜ ልጅ ቦታውን ያጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ ካምቦሎጆ አካባቢ ያደግሁ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። የወንድሜ ልጅ ግን ዳላስ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ ላይንባከር ነው፣ ከመከላከያው ፊት መስመር ኋላ የሚቆም ተከላካይ። አዲስ አሰልጣኝ መጥቶ መከላከያውን ከ4-3 ወደ 3-4 ቀየረው። ልጁ እየደወለ «አበቃልኝ» ይለኛል። ምን ልበለው?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ኧረ አላበቃለትም! በ4-3 ፊት መስመር ላይ አራት ይቆማሉ፣ ከኋላቸው ሦስት ላይንባከሮች፤ በ3-4 ደግሞ ፊት ሦስት፣ ከኋላቸው አራት ላይንባከሮች። ስለዚህ አንድ የላይንባከር ቦታ ተጨመረ እንጂ አልተቀነሰም። ሥራው ግን ይለያያል። ዳር ያለው በአብዛኛው ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ያሳድዳል። መሐል ያለው ደግሞ ከግዙፎቹ የአጥቂ መስመር ተጫዋቾች ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። ልጁ ቀጠን ያለ ከሆነ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው።

የታዋቂውን ተጫዋች፣ የዲማርከስ ዌርን፣ ታሪክ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ክለቡ ዳላስ ካውቦይስ ከ3-4 ወደ 4-3 ሲዞር፣ ከላይንባከርነት ወደ መስመር ዳር ተዛወረ። ጉዳትም ተጨመረበት። ኳርተርባክ የጣለው 6 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ክለቡም ለቀቀው። በ2014 ዴንቨር ሄዶ 10 ጊዜ ጣለ። በ2015 የውድድር ዘመን ደግሞ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በላ። በአንድ ዓመት ውጤት ተጫዋች አይፈረድበትም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ልጁ አሰልጣኙን «ከአራቱ የትኛው ነኝ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ይላኩልኝ፣ እንቀጥላለን።