ብረት ይሻላል አሉሚኒየም? የብስክሌት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ በየቀኑ ለሥራ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ከኋላ ላፕቶፕና ምሳ እጭናለሁ። አንዱ ሻጭ «አሉሚኒየም ውሰድ፣ ይቀላል» ይለኛል፤ ሌላው «አሉሚኒየም ወገብ ይጨርሳል፣ ብረት ይሻልሃል» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩዎት። ተራው የብረት ፍሬም ለብቻው ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ይደርሳል። ክሮሞሊ የሚሉት፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት፣ ጠንካራ ስለሆነ ቱቦው ሳስቶ ይሠራል፤ ፍሬሙ 2 ኪሎ ገደማ ነው። አሉሚኒየሙ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ ከክሮሞሊ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ላፕቶፕዎ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

የወገቡን ነገር በፍሬሙ አያሳብቡ። ጉድጓድ ሲመታ መጀመሪያ የሚለምጠው ጎማው ነው፤ ፍሬሙ ወደ ታች የሚሰጠው ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ በደንብ ተነፍቶ የተገጠመለት ክሮሞሊ፣ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ በልኩ ከተነፋለት አሉሚኒየም ይልቅ ያንገጫግጭዎታል። ስለዚህ ሲገዙ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ፤ በግራም በቀኝም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይኑረው። ከዚህ የጠበበ ፍሬም ወደፊት ሰፋ ያለ ጎማ አይቀበልም።

ቀጥሎ የኋላው ጎማ አክስል በሚያርፍበት ቦታ ለዕቃ መጫኛ የሚሆን የብሎን ቀዳዳ መኖሩን ያረጋግጡ። በማሰሪያ የተወጠረ መጫኛ ቀለሙን እየፋቀ ይንሸራተታል።

«ክሮሞሊ ነው» ከተባሉ ሙሉው ነው ወይስ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የኋላው ክፍል ተራ ብረት ነው። ማግኔት አሉሚኒየሙን ቢለይልዎትም ሁለቱን ብረቶች አይለይም፤ በሁለቱም ላይ ይጣበቃል።

ውሳኔው ላይ፦ ብስክሌቱ ዝናብ ላይ የሚያድር ከሆነ አሉሚኒየም፤ ቤት የሚገባና ጭነት የሚበዛበት ከሆነ ክሮሞሊ። ከካርቦን ክር የሚሠራው ፍሬም ለእርስዎ ሥራ አይሆንም፤ ዕቃ መጫኛ በማሰሪያ ሲጠብቅበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየም ፍሬሜ መሪው ከሚገባበት አጭር ቱቦ ሥር፣ ብየዳው ዳር ላይ ቀጭን መስመር አውጥቷል። በያጁ «ቀላል ነው» አለኝ። ላሠራው?

መልስ፦ አያሠሩት፤ እስኪጣራም አይንዱት። ቦታውን በጨርቅ ጠርገው ጥፍርዎን በመስመሩ ላይ አቋርጠው ይጎትቱ። ጥፍሩ ከያዘ፣ ወይም መስመሩ የብየዳውን ጠርዝ ተከትሎ ከሄደ ስንጥቅ ነው ብለው ይያዙት። ያ ቦታ ፍሬን በያዙ ቁጥር ከፍተኛውን ጫና ይሸከማል፤ ከለቀቀ መሪው በእጅዎ ይቀራል።

ብስክሌት በብዛት የሚሠራበት 6061 የተባለው አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከብየዳ በኋላ በምድጃ ነው፦ ወደ 530 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። በያጁ ስንጥቁን ሊደፍነው ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ግን ሙቀቱ አለስልሶት ይቀራል፣ ቀጣዩ ስንጥቅም ከዚያው ጎን ይነሳል። ብረት ቢሆን ኖሮ ስስ ቱቦ የለመደ በያጅ ይበቃዎት ነበር።

ጥያቄ፦ ኮርቻው የተቀመጠበት የአሉሚኒየም ቱቦ በብረት ፍሬሜ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ።

መልስ፦ አሉሚኒየሙና ብረቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላና በነጭ ዱቄት ይደፈናል። ማጥበቂያውን ብሎን ፈትተው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያፍስሱበትና 24 ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ ኮርቻውን እንደ መሪ ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ መጀመሪያ ሳይዞር ወደ ላይ መጎተት ልፋት ነው። ሲወጣ ጠርገው ስስ ግራሶ ቀብተው ይመልሱት፤ በየሦስት ወሩም እያወጡ ይድገሙት።